ደጋና ቆላ በባሕር ውስጥ

የእህቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከሰንበት ትምህርት ቤት መጣችና ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «አጎቴ፣ አቆስጣ ምንድነው?» አለችኝ።

ቡና እየተፈላ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። በዚያ ሰው ፊት «አላውቅም» ማለት ከበደኝ።

«የበረሃ ፍየል ነው» አልኳት። «ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ለድንኳን ይሆናል።»

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ልጅቷ አምናኝ ሄደች። እኔን ግን ቡናው አልጣመኝም።

ቃሉ ያለው ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ላይ ነው። ለማደሪያው ድንኳን እንዲመጡ ከታዘዙት ነገሮች አንዱ የአቆስጣ ቁርበት ነው። ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን ግን ቆም ብዬ «ይሄ እንስሳ ምን ይሆን?» ብዬ አላውቅም። ማታ መብራት ሲመጣ (የኛ ሰፈር መብራት የሚመጣው ሰው ሊተኛ ሲል ነው) ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። የዕብራይስጡ ቃል የትኛውን እንስሳ እንደሚል ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። የኛ ተርጓሚዎች ግን አቆስጣ ብለው ቆርጠዋል። አቆስጣ ደግሞ ፍየል አይደለም። ፈረንጆቹ «ሲል» (seal) የሚሉት፣ እጅና እግሩ መቅዘፊያ የሆነለት፣ ጢማም፣ ስብ የጠገበ የባሕር እንስሳ ነው። ከውሃ ወጥቶ ይወልዳል፤ እንጀራውን የሚፈልገው ግን ባሕር ውስጥ ነው።

በነጋታው ለልጅቷ ተናዘዝኩ። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ድንኳኑ ዝናብ አያስገባም ነበር» አለችኝ። እሷ በዚያው ጨረሰች። ተዘፍቄ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ሰው ነኝ። ውቅያኖስ አይቼ አላውቅም። እኛ ባሕር የምንለው ጣናን ነው። ጣና ደግሞ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ብታቆምበት ላይኛው ፎቅ ውሃ አይነካውም። ስለዚህ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ውቅያኖስ አንድ ትልቅ ጣና ነበር። ሰፊ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ዓሣውም በየቦታው እኩል ተበትኗል። አቆስጣዋ ሲርባት ዘላ ትገባለች፣ ታገኛለች፣ ትበላለች። በቃ።

ይህን ሐሳቤን ያፈረሰው አንድ ፎቶና አንድ ካርታ ነው።

ፎቶው ላይ አንዲት ዝሆን አቆስጣ አሸዋ ላይ ተጋድማለች። ዝሆን ያስባላቸው የወንዶቹ አፍንጫ ነው፤ እንደ ኩምቢ ይንጠለጠላል። አናቷ ላይ አንቴና ያላት ትንሽ ሳጥን ተለጥፋባታለች። መጀመሪያ ሳይ ሳቄ መጣ። ቆብ የደፋች ነው የምትመስለው። ሳጥኗ ግን ቀልድ አይደለችም። አቆስጣዋ የጠለቀችበትን ጥልቀት፣ የውሃውን ሙቀትና የጨዉን መጠን እየለካች ትመዘግባለች። እንስሳዋ ለመተንፈስ ብቅ ስትል መረጃውን ለሳተላይት ትልካለች። ዝሆን አቆስጣ በየዓመቱ ፀጉሯን ትቀይራለች፤ ያኔ ሳጥኗም ከፀጉሩ ጋር ትወድቃለች። ይህን መሣሪያ የሠሩት ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እስካሁን አቆስጣዎች በዚህ መንገድ ከ500,000 በላይ ልኬቶችን ሰብስበዋል። ብዙው የመጣው ከአንታርክቲካ ዙሪያ ነው። በክረምት መርከብ በማይደርስበት፣ በረዶ በጋረደው ውሃ ውስጥ እነሱ ገብተው ይለካሉ። ደሞዝ የለ፣ አበል የለ።

ካርታው ደግሞ የካሊፎርኒያ ነው። እዚያ ጠረፍ ላይ አኞ ኑዌቮ የሚባል ቦታ አለ። ሴት ዝሆን አቆስጣዎች እዚያ ይወልዳሉ፣ እዚያ ፀጉር ይቀይራሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለምግብ ወደ ባሕር ይወጣሉ። አጭሩ ጉዞ ሁለት ወር ከምናምን ነው። ረጅሙ ሰባት ወር ያህል ይወስዳል። በዚህ በረጅሙ ጉዞ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዋኛሉ። ከጎንደር አዲስ አበባ ሰባት ጊዜ ደርሶ መልስ እንደማለት ነው፤ ያውም ያለ ምሳ እረፍት።

እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከ200 በላይ ሴቶች ላይ መሣሪያ እየተለጠፈ መንገዳቸው ተሳለ። እኔ የጠበቅሁት ልጅ ግድግዳ ላይ እንደጫረው ዓይነት ዝብርቅርቅ ነበር። አይደለም። መስመሮቹ ከጠረፍ ይወጣሉ። ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናሉ። ከዚያ የብስ ከሚባል ነገር ርቀው፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል፣ አንድ መቀነት የመሰለ ስፍራ ላይ ይጠራቀማሉ።

እዚያ ምን አለ? ደሴት የለም፣ ዐለት የለም። ላዩን ብታየው ውሃ ብቻ ነው። ግን ሁለት ውሃ ነው። ከሰሜን ያለው ቀዝቃዛና ጨዉ ቀለል ያለ፤ ከደቡብ ያለው ሞቅ ያለና ጨው የበዛበት። ሁለቱም በየራሳቸው ሰፊ ክብ እየዞሩ እዚህ ጎን ለጎን ይገናኛሉ። ሴቶቹ አቆስጣዎች የሚሰበሰቡት በዚህ ድንበር ላይ ነው።

ነገሩ የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። ባሕር ውስጥ የሞተ ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ማዳበሪያው ከታች፣ ጨለማውና ብርዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ፀሐይ ደግሞ ያለችው ላይ ነው። ያለ ፀሐይ አይበቅልም፣ ያለ ማዳበሪያም አይበቅልም። የባሕሩ ሣር፣ ማለትም ፋይቶፕላንክተን የሚሉት በዓይን የማይታይ ተክል መሰል ነገር፣ የሚለመልመው ነፋስ ወይም የውሃ ጅረት ወይም አዙሪት የታችኛውን ወደ ላይ ባወጣበት ቦታ ነው። ሣሩን ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል፤ እነሱን ትንንሽ ዓሣና ስኩዊድ፤ እነዚያን አቆስጣ። ሁለት ውሃ የሚገናኝበት ድንበር ላይ ይህ ሁሉ ይከማቻል። የኛ አገር ገበያስ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ደገኛና ቆለኛ በሚገናኙበት አይደል?

ልዩነቱ የኛ ገበያ ቦታው አለመቀየሩ ነው። የባሕሩ ግን ይንቀሳቀሳል። በበጋ ወደ አንድ ጎን፣ በክረምት ወደ ሌላ ጎን። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ጧት ጧት ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰው «የማን ሰፈር ለቀቀ?» እያለ ሲጠያየቅ ታያለህ። አቆስጣዋም ያንኑ ጥያቄ ይዛ የምትዞር መሰለኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ሳነብ በደንብ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ጎርጎራ ላይ ነው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ጾም ላይ፣ ምግብ ቤት ያለው ጓደኛዬ ዓሣ ሊያመጣ ሲወርድ ተከተልኩት። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። ጓደኛዬ ይሸጣል፣ ሰዉ ይበላል።) ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር። ደርሰን ቆይ እንጂ ገና ነው ተባልን። ዓሣ አስጋሪው አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ታንኳቸው የደንገል ናት፤ አዲስ ስለሆነች ገና አረንጓዴነቷ አልለቀቀም።

«ልጄ፣ ባሕሩ ዛሬ ሁለት ነው» አሉኝ፣ በቀዘፋው እንጨት ወደ ምሥራቅ እያመለከቱ።

አየሁ። በመገጭ ወንዝ አፍ በኩል የመጣው ውሃ ሻይ በወተት ይመስላል። የሐይቁ ውሃ ደግሞ አመድማ ነው። ሁለቱ አይደባለቁም። መሃላቸው መስመር አለ፤ እውነቴን ነው፣ በጣት የተሰመረ የሚመስል መስመር። መስመሩ ላይ አረፋ፣ ጭራሮ፣ ቅጠል ተደርድሯል። ከሱ በላይ ወፎች ይመላለሳሉ።

«አምባዛ ድፍርሱ ውስጥ ነው የሚገባ። ቀረሶ የጠራውን ይወዳል። ዋናው ነገር ግን እዚያ ድንበሩ ላይ ነው። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ግን ይፈርሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ቦታ ትፈልጋለህ።»

ጣና ጥልቀት ስለሌለው ነፋሱ እስከ ታች ያምሰዋል። የውቅያኖሱ ድንበር ለወራት ይቆያል፤ የጣናው ለግማሽ ቀን። ግን አሠራሩ አንድ ነው። ጋሼ ቴርሞሜትር የላቸውም። ቀለሙን፣ አረፋውን፣ ወፉን ያያሉ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሲከቱም አይቻለሁ። በፊት በፊት ክረምት ላይ የወንዙ አፍ ላይ መረብ እንደሚጣል፣ ሊራቡ ወደ ወንዙ የሚወጡት ዓሦች እዚያ በጅምላ ይያዙ እንደነበር አጫወቱኝ። «እናቶቹን ጨረስናቸው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። አሁን ደግሞ እንቦጩ አለ። አረሙ ነፋስ እየነዳው በመጣ ቁጥር የሚያውቁትን ቦታ ይሸፍንባቸዋል፤ መረብም ይበጣጥሳል።

ወደ አቆስጣዋ ልመለስ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያወራሁት ስለ ባሕሩ ገጽ ነው። ጉዱ ያለው ከታች ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህ በአዘዞ በኩል አድርገህ ወደ መተማ ውረድ። አይከል ላይ ጃኬት ትፈልጋለህ። ገንዳ ውሃ ስትደርስ ሸሚዝህም ይከብድሃል። በመንገዱ ዛፉ ይለወጣል፣ ቤቱ ይለወጣል፣ ከብቱ ይለወጣል። ከፍታ ማለት ለኛ ቁጥር አይደለም። ምን ይበቅላል፣ ምን ይበላል፣ ምን ይለበሳል ማለት ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ።

ባሕርም እንዲሁ ነው። የተገለበጠ ነው እንጂ። ቆላው ላይ ነው፣ ደጋው ታች። ላይኛው ውሃ ፀሐይ የሞቀው ነው። ወደ ታች ስትወርድ አንድ ቦታ ላይ ሙቀቱ በአጭር ርቀት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ በታች ብርድና ጨለማ ብቻ ነው። ዝሆን አቆስጣ በየቀኑ ይህን ቁልቁለት ትወርዳለች። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 800 ሜትር ይጠልቃሉ። አንዱ ጥልቂያ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ላይ የሚቆዩት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። እንደገና ቁልቁል። ሌትም ቀንም። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ያሉት ዘመዶቻቸው ከ2,000 ሜትር በላይ የጠለቁበት ጊዜ ተመዝግቧል። ይህን ሳነብ ወደ መስኮቱ ሄጄ ቆምኩ። ከኔ ሳሎን እስከ ባሕር ወለል ድረስ በአንድ ትንፋሽ ማለት እኮ ነው።

ለምን ያን ያህል ይወርዳሉ? ምግቡ ስለሚወርድ ነው። ትንንሾቹ የጥልቁ ዓሦች ቀን ቀን ብርሃን ሸሽተው ወደ ታች ይገባሉ። ማታ ጨለማን ተገን አድርገው ወደ ላይ ወጥተው ይበላሉ። ቁጥራቸው ደግሞ ለጉድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በድምፅ ሞገድ ጥልቀት የሚለኩ የባሕር ኃይል ሰዎች ግራ ተጋብተው ነበር። መሣሪያቸው የባሕሩ ወለል ያልሆነ ወለል ያሳያቸዋል። ይባስ ብሎ ያ «ወለል» ማታ ማታ ከፍ ይላል፣ ሲነጋ ይወርዳል። ኋላ ሲጣራ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ዓሣና ሌላ ፍጥረት ተነባብሮ ድምፁን የሚመልስ። አቆስጣዋ ይህን ወለል ተከትላ ቀን ጠልቃ፣ ማታ ቀለል አድርጋ ታድናለች።

ውሃው ሲሞቅ እንግዲህ ነገር ይበላሻል። ላይኛው ሞቃት ውሃ እየወፈረ ሲሄድ ብርዱን የሚወደው ምግብ አብሮ ወደ ታች ይሸሻል። አንድ መቶ ሜትር ተጨማሪ ጥልቀት ምን አላት አትበል። መውረጃና መውጫ ላይ የሚባክነው ጊዜ ከመብያው ላይ ነው የሚቀነሰው። በተቃራኒው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ባበጠበት አዙሪት ውስጥ ምግቡ ቀረብ ይላል። ከሕንድ ውቅያኖስ በስተደቡብ፣ ከርጌለን ደሴቶች አካባቢ፣ ዝሆን አቆስጣዎች እንዲህ ያሉ አዙሪቶችን ጠርዝ ጠርዙን ሲይዙ ታይተዋል።

ጨለማው ውስጥ እንዴት ያገኙታል የሚለው ራሱን የቻለ ወግ ነው። ጢማቸው ነው ሥራውን የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ሙከራ ላይ ዓይኗ የተሸፈነ አቆስጣ ትንሽ ሰው ሠራሽ ጀልባ ውሃ ውስጥ ትታው ያለፈችውን ንቅናቄ በጢሟ ብቻ ተከትላ ደርሳባታለች። እንቅልፋቸውም ያስገርማል፤ ባሕር ላይ ሳሉ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚተኙት። እሱንም ወደ ታች እየሰመጡ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል እየተሽከረከሩ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የስቡን ነገር ነው።

ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። እሺ፣ አቆስጣዋ የት እንደሄደች ሳጥኗ ነገረችን። በልታ ይሁን ሳትበላ በምን ይታወቃል? ሆዷን ከፍቶ ያየ የለ። መልሱን የሰጣቸው ራሱ ውሃው ነው። ዝሆን አቆስጣ አልፎ አልፎ ስትጠልቅ መቅዘፍ ትተዋለች። ዝም ብላ ራሷን ለውሃው ትሰጣለች። ከስታ ከሆነ እንደ ድንጋይ ቶሎ ትሰምጣለች። ወፍራ ከሆነ ስቡ ስለሚያንሳፍፋት በቀስታ ትወርዳለች፤ በጣም ከጠገበችማ ወደ ላይ ትነሳለች። እናቴ ወጡ ላይ ቅቤ ጨምራ ሲንሳፈፍ እንደማየት ነው። ስለዚህ ከሳምንት ሳምንት የአሰማመጧን ፍጥነት ብቻ በማየት እዚህ ወፈረች፣ እዚህ ከሳች ማለት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የደቡቡን ዝሆን አቆስጣዎች በዚህ መንገድ ተከታትሎ፣ አንዱ መወፈሪያቸው በአንታርክቲካ ዙሪያ ከጥልቁ የሚነሳው ውሃ ወደ ላይ የሚወጣበት ስፍራ መሆኑን አሳይቷል። ማዳበሪያው የሚወጣበት ማለት ነው።

ወንዶቹ ሌላ ጠባይ አላቸው። የካሊፎርኒያዎቹ ወንዶች መሃል ውቅያኖስ አይሄዱም። የአላስካንና የአሉሺያን ደሴቶችን ጠረፍ ይዘው ወለሉ አጠገብ ያድናሉ። እዚያ ምግቡ ወፍራም ነው፤ ገዳዮቹም፣ ሻርኩና ኦርካው፣ እዚያው ናቸው። ወንዶቹ ፈጥነው ይገዝፋሉ፤ የመሞት ዕድላቸው ግን ከሴቶቹ በብዙ ይበልጣል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የወረዱ የሰፈሬ ልጆች ትዝ አሉኝ። ገንዘቡም እዚያ ነው፣ ወባውም እዚያ ነው።

ሌላም ትዝ ያለኝ አለ። አጎቴ ደምቢያ ውስጥ ከብት ነበረው። ክረምት ሲገባ መሬቱ ሁሉ ይዘራል፣ መሰማሪያ ይጠፋል። ያኔ ከብቱን ወደ ቆላ ይነዳል። በየዓመቱ ያንኑ ቦታ። አንዳንዱ ጎረቤቱ ደግሞ እየጠየቀ፣ ወሬ እየሰማ፣ ዘንድሮ እዚህ ለከርሞ እዚያ ይሄዳል። አጎቴ በነሱ ይስቅ ነበር። «ሣር የሚያሳድድ» ይላቸዋል።

አቆስጣዎችም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዷ ሴት በየዓመቱ ወደለመደችው ቦታ ትመለሳለች። ሌላዋ በየዓመቱ ቦታ ትቀይራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ሁለቱን አነጻጸረ። ዘመኑ እንደወትሮው ሲሆን የለመደውን ቦታ የያዘችው የተሻለ ወፍራ ትመለሳለች። የውቅያኖሱ ሁኔታ ሲዛባ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዘዋሪዋ ትበልጣለች። አጎቴ በደህናው ዘመን ትክክል ነበር። ደህናው ዘመን ግን ሁልጊዜ አይደለም።

የዘመን መዛባት ስል በዋናነት ኤልኒኖን ማለቴ ነው። ይህን ቃል ጎንደር ውስጥ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሬዲዮ ነው የለመድነው። በ2007 ክረምት በለሳ ካሉ ዘመዶቻችን ስልክ በመጣ ቁጥር እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዘነበ ወይ?» ብላ ነበር። በተከታዩ ዓመት በአገሪቱ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ያኔ ኤልኒኖ ሲባል እኔ የሰማይ ነገር ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የባሕር ነገር መሆኑን ያወቅሁት።

በደህናው ጊዜ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ ሞቃቱን ውሃ ወደ ምዕራብ ይገፋዋል። በፔሩና በጋላፓጎስ በኩል በቦታው ቀዝቃዛው፣ ማዳበሪያ ያዘለው ውሃ ከታች ይወጣል። በኤልኒኖ ዓመት ነፋሱ ይደክማል። ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለስና ቀዝቃዛውን ከላይ ይከድነዋል። ይሄው ለውጥ የዝናቡን ሥርዓት ከዚያ ተነስቶ እስከ እኛ ድረስ ያናጋዋል፤ ክረምታችን ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1983 በጣም የከበደ ኤልኒኖ መጣ። ጋላፓጎስ ላይ ትንሽዬ ባለ ፀጉር አቆስጣ አለች። እናቲቱ ግልገሏን ዐለት ላይ ትታ ባሕር ትገባለች፣ በልታ ትመጣለች፣ ታጠባለች። ያን ዓመት ምግቡ ሸሸ። እናቶቹ ርቀው ሄዱ፤ ቆዩ። ሲመለሱም ጡታቸው ባዶ ነው። በዚያ ዓመት ከተወለዱት ግልገሎች ተረፈ የሚባል አልነበረም።

ይህን ያነበብኩ ማታ መተኛት አቃተኝ። ስለ አቆስጣዎቹ ብቻ አይደለም። እኔ ጣና ዳር ያለሁ ሰው፣ ባሕር የሌለው አገር ሰው፣ ከዚያ ውሃ ጋር ምንም የሚያገናኘኝ ነገር የለም ብዬ 40 ዓመት ኖሬያለሁ። እናቴ «ዘነበ ወይ?» ስትል ስለዚያው ውሃ ስትጠይቅ ኖራለች።

ጎርጎራ ላይ፣ ጓደኛዬ ዓሣውን እያስመዘነ ሳለ፣ ይህን ሁሉ ለጋሼ አወራኋቸው። መረባቸውን እየጠገኑ ሰሙኝ። ፎቶውንም በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው፣ ከዚያ አቅርበው አዩት።

«በቀን ስንት ዓሣ ትበላለች?»

«ከ1,000 በላይ ይላሉ። ትንንሽ ነው ግን።»

«ኧረ እንኳን እዚህ አልመጣችብን!»

ትንሽ ቆይተው እንደገና ፎቶውን ጠየቁኝ።

«ይቺ ራሷ ላይ ያለችው ናት የምትናገርባት?»

«አዎ ጋሼ።»

«የት እንደበላች?»

«የት እንደበላች፣ ምን ያህል እንደጠለቀች፣ ውሃው ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ። ሁሉንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምስኪን። እኔ ብሆን አውልቄ እጥላት ነበር።»

ከሰዓት በኋላው ነፋስ ሊነሳ ሲል መረባቸውን ጠቅልለው ታንኳዋ ላይ ወጡ። ጓደኛዬ ከዳር ሆኖ «ጋሼ፣ ነገ በየት በኩል ነዎት?» ሲል ጮኸ። በመገጭ አፍ በኩል፣ ብለው በእጃቸው አሳዩት። ከዚያ ዞር ብለው፣ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ፣ ወደ ደንገሉ ቀዘፉ።